ዳገት ለሚወጣ ደወል ይበቃዋል

ሳይክል ቁልቁለት ሲለቀቅ፣ እግር ፔዳሉን ሳይመታ፣ ከኋላ ጎማው የሚወጣ ድምፅ አለ፤ ጥርርርር ይላል፣ ስንዴ ከጆንያ ወደ ቆርቆሮ ሲፈስ የሚሰማውን ዓይነት ነው። ሰሞኑን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ያ ድምፅ በደጄ ያልፋል። የሮቤ ወጣቶች ሄልሜት ደፍተው፣ ጠባብ ሱሪ ለብሰው፣ ከጎባ በአስፋልቱ ቁልቁል ሲመጡ ነው። እኔ በረንዳዬ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ እሰማቸዋለሁ፤ እነሱ ካለፉ በኋላም ጆሮዬ መንገዱ ላይ ቀርቶ ሌላ ድምፅ ይጠብቃል። ደወል ነው የሚጠብቀው። አይመጣም።

እኔ ልጅ ሳለሁ ይህ መንገድ ጠጠር ነበር። ሮቤ ሜዳው ላይ ዝቅ ብላ፣ ጎባ ተራራው ሥር ከፍ ብላ ስለተቀመጡ፣ ከእኛ ወደ እነሱ መሄድ ዳገት፣ ከእነሱ ወደ እኛ መምጣት ቁልቁለት ነበር፤ ዛሬም ነው፣ አስፋልት ዳገትን አያነሳም። ሳይክል ያለው ሰው በስሙ የሚታወቅበት ዘመን ነበር። አባቴ አብዱልቃድር ሮቤ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት የማይጠፋ፣ ንግግሩ አጭር፣ አንዴ እምቢ ካለ እምቢ ያለ ሰው ነበር። የእናቴ ወንድም ጀማል ደግሞ ጎባ ልብስ ሰፊ ነበር። የእናትን ወንድም እኛ አቡያ ነው የምንለው፤ አቡያ ጀማል ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ የሳይክሉን መሪ በቁርጥራጭ ሪባን ያስጌጠ ሰው ነበር። አባቴና እሱ በእናቴ ምክንያት ተዛመዱ፣ በሳይክል ምክንያት ግን ተዋደዱ። ለአባቴ ሳይክል ኮርቻ ከአረንጓዴ ከፋይ ልብስ ሰፍቶ ያለበሰለት አቡያ ነው።

በበጋ፣ የሲናና ስንዴ ታጭዶ አገሩ ሁሉ ገለባ ገለባ ሲሸት፣ አባቴ በጠዋት የሱሪውን ጫፍ በልብስ መቆንጠጫ ይይዝና እኔን ከፊት ያለው ብረት ላይ ጆንያ ጠቅልሎ አስቀምጦኝ ወደ ላይ እንወጣ ነበር። ጀርባዬ ደረቱ ላይ ነው፤ ትንፋሹ በጭንቅላቴ ላይ ያልፋል፤ ከዓይኔ ሥር ደግሞ የቀኝ እጁ አውራ ጣት ደወሉ ላይ ተቀምጣ አያታለሁ። መንገዱ መሃል ላይ ትልልቅ ባሕር ዛፎች ነበሩ፤ ሳይክል ያላቸው ሰዎች ከሮቤም ከጎባም እየመጡ እዚያ ይገናኙ ነበር። ሥራ አልነበራቸውም እዚያ። ሣሩ ላይ ጋደም ብለው፣ አንዲት ሴትዮ ከምታፈላው ሻይ እየጠጡ፣ ስለ ጎማና ስለ ፍሬን ያወሩ ነበር፣ በቃ።

ከሁሉ አፈኛ የነበረው ጋሽ ወልዴ ነው። ከጉራጌ አገር መጥቶ ሮቤ ሱቅ የከፈተ፣ ሳይክል ከመንዳት ይልቅ ስለ ሳይክል ማውራት የሚቀናው ሰው ነበር።

«ጀማል፣ ይኼ ሁሉ ሪባን ምንድነው? ሙሽራ ልታመጣበት ነው?» ይላል።

«አንተ መጀመሪያ ያንን ሰንሰለትህን ዘይት አጠጣው! ከሩቅ ስትመጣ ሰው ጅብ መስሎት በር ይዘጋል።»

«የኔ እንኳ ይጮሃል። የአብዱን ሳይክል ግን ዱቄት አንቆት ድምፁ ጠፍቷል።»

አባቴ ሻዩን እየጠጣ «የሚጮህ ሁሉ አይደርስም» ይልና ሁሉም ይስቃሉ። እንዲህ ሲባባሉ ፀሐይዋ ትዞርባቸዋለች።

የራሳቸው ደንብም ነበራቸው። መንገድ ላይ ሲተላለፉ መጀመሪያ ሰላም የሚለው የሚወርደው ነው። የሚወጣው አይቆምም፣ አፉንም አይከፍትም፤ ዳገት ላይ የቆመ ሳይክል እንደገና ለመነሳት አሳር ነው፣ አፍም ለትንፋሽ ያስፈልጋል። ለሚወጣ ደወል ይበቃዋል። አቡያ እንደ ንፋስ እየወረደ «አሰላሙ አለይኩም!» ሲል፣ የአባቴ አውራ ጣት ከዓይኔ ሥር አንዴ ትንቀሳቀስና ቅጭል! ትላለች፤ ወአለይኩም ሰላም ማለት ነው። ሌላው ደንብ ደግሞ፣ ዳገት አቅቶት ወርዶ ሳይክሉን የሚገፋ ሰው እረኛ ይባል ነበር። «አቦ፣ ላምህን ወዴት ትነዳለህ? ጎሮ ገበያ ነው?» ይሉታል። አባቴ እረኛ ተብሎ አያውቅም ነበር፤ ይህንንም ከሌላው ነገር ሁሉ አብልጦ ይኮራበት ነበር።

ከዚያ የበልግ ዝናብ ይመጣል። መረሬው አፈር ሲርስ ጎማና ፓራፋንጎ መሃል ገብቶ ይጠቀጠቅና ጎማው አልዞርም ይላል። በአንዱ በልግ አባቴ እኔን ከፊት፣ ለአያቴ የሚላከውን ዱቄት ከኋላ ጭኖ ሲወጣ፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ ልንደርስ ስንል ሳይክሉ እንዲያ ተያዘ። እየሰማሁት ጥርሱን እየነከሰ ታገለ፤ በመጨረሻ ወረደና መግፋት ጀመረ። ሰዎቹ ዛፉ ሥር ተጠልለው ያዩን ነበር። አቡያ ብድግ ብሎ እጁን አፉ ላይ አደረገና፣

«ኧረ አብዱ! ላምህ ከነጥጃዋ ናት እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

ጥጃው እኔ ነኝ። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ሌላ ቀን ቢሆን አባቴም ይስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ሻይ ሳይጠጣ አለፈ። አቡያ ከኋላ «ቀልድ ነው እኮ!» ቢለውም አልዞረም።

በዚያው ሰሞን አባቴ ጭቃ አንሸራትቶት ወደቀ፤ እሱ ምንም አልሆነም፣ ደወሉ ግን ተሰብሮ ወለቀ። ደወል በሮቤ ስለማይገኝ ከሻሸመኔ እንዲያመጣለት ለአንድ ሹፌር ነግሮ መጠበቅ ጀመረ። ወደ ላይም ብዙ ጊዜ ስላልወጣ ጎባ ያሉት አላወቁም።

ክረምቱ ገብቶ፣ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ቤቶቹን ሲሸፍን፣ አያቴ፣ የእናቴና የአቡያ እናት፣ ጎባ አረፈች። አቡያ መርዶውን ለእህቱ በሰው አፍ አልክም ብሎ ራሱ በሳይክሉ ወደ እኛ ወረደ። አባቴ ደግሞ ምንም ሳይሰማ፣ ለወፍጮው ቀበቶ ሊፈልግ ወደ ጎባ እየወጣ ነበር። ዝናብ ነው፤ ፊቱን በሻሽ ጠቅልሎ አንገቱን ደፍቷል። አቡያ ከሩቅ አወቀው። ሞት በመንገድ ላይ ተጩሆ አይነገርምና፣ ደወሉን ስሰማ ሳይክሉን አዙሬ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ ብሎ «አሰላሙ አለይኩም» አለ። አባቴ ሰምቷል። ደወል የለውም፣ ዳገት ላይ ነው፣ የደወሌን መሰበር ስንገናኝ እነግረዋለሁ ብሎ አለፈ።

አቡያ እኛ ቤት ሲደርስ አስታውሳለሁ። ዝናቡ ከሪባኖቹ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እናቴን አስቀምጦ እጇን ይዞ ነገራት፤ ከዚያ በጭነት መኪና ተሳፍረን ሁላችንም ወጣን። ስንደርስ አባቴ ቀድሞ ለቅሶውን ሰምቶ፣ ድንኳን ከሚተክሉት ጋር ገመድ እየሳበ ነበር። አቡያ በሰው መሃል ቀጥ ብሎ ሄዶ ፊቱ ቆመ።

«እናቴ በሞተችበት ቀን» አለው፣ «በአንዲት ቀልድ ቂም ይዘህ አንድ ደወል ነፈግከኝ።»

አባቴ ገመዱን መሳብ ቀጠለ።

ማታ እናቴ «ለምን አልነገርከውም?» ስትለው ሰማሁ።

«በለቅሶ ቤት መሃል ቆሜ ደወሌ ተሰብሯል ልበል? ሳይክሌ አጥሩ ጋ ቆሟል። ዓይን አለው፣ ይየው።»

ከሰባቱ በኋላ ጋሽ ወልዴ ያቺን ጅብ የምትመስል ሳይክሉን እያስጮኸ በመሃላቸው ተመላለሰ። የደወሉን ነገር ለአቡያ ነገረው። አቡያ አመነ፤ ግን «ደወል ባይኖረው አፍ የለውም? ይምጣና በአፉ ይንገረኝ» አለ። አባቴ ደግሞ «እኔ ደንቡን ጠበቅሁ። እሱ በሰው ፊት የተናገረውን በሰው ፊት ይመልስ» አለ። ጋሽ ወልዴ ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን እያሻሸ «ሁለት ጎልማሳ ሰው! በቆርቆሮ!» አለና ሄደ። እንግዲህ ነገሩ ያን ጊዜ አልቆ ነበር። ሁለቱም እውነቱን ያውቁታል። የቀረው የማን አፍ ይቅደም ብቻ ነበር።

በጋው ተመልሶ መጣ፣ ደወሉም ከሻሸመኔ መጣ፤ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ። እኔም ወደ ብረቴ ተመለስኩ። ስንወጣ አቡያ ከላይ ብቅ ይላል፤ ያ የጎማው ጥርርርታ እየቀረበ ይመጣል፤ የአባቴ አውራ ጣት ደወሉ ላይ ትዘጋጃለች፣ ጥፍሯ ነጭ እስኪሆን ትጫናለች። ሰላም የሚለው የሚወርደው ነውና ትጠብቃለች። አቡያ ዓይኑን ገለባው ላይ ተክሎ ያልፋል። ጣቲቱ ቀስ ብላ ትላላለች። ስንመለስ ደግሞ ተራው የአባቴ ነው። አቡያ ከሥር እያለከለከ ይወጣል፣ እኛ እንወርዳለን፤ ከጀርባዬ የአባቴ ደረት ሲሞላ ይሰማኛል፣ ሰላምታ ሊል አየር ሲስብ። ከዚያ ያ ትንፋሽ ምንም ቃል ሳይዝ በጭንቅላቴ ላይ ያልፋል። ስንት በጋ እንዲህ አለፈ! ያን አረንጓዴ የኮርቻ ልብስ ግን አባቴ አላወለቀውም። ሲቀደድ እናቴ ትጥፈው ነበር፤ በመጨረሻ ከፋይ መሆኑ ቀርቶ መጣፊያ ብቻ ሆነ፤ ሌላ ይሰፋልህ ሲባል «ይኼ ምን ሆነ?» ይል ነበር።

እናቴ ወንድሟን ልትጠይቅ ብቻዋን በጭነት መኪና ትወጣ ነበር። ዒድ ሲሆን ጠዋት እኛ ጋ፣ ከሰዓት እዚያ ናት፤ አንዱም ቤት ጠግባ አትበላም። አንድ ቀን ሹራቧን እየደረበች፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው፣ «አንዱ ዳገት ላይ ነበርኩ ይላል፣ አንዱ ቁልቁለት ላይ ነበርኩ ይላል፤ እኔ ሜዳው ላይ ቀረሁ» አለች። አባቴ ሰምቷል። ወጥቶ ሄዶ የሳይክሉን ሰንሰለት ዘይት ይቀባ ጀመር።

እኔ ብረቱ ላይ የማልቀመጥበት ዕድሜ ደረስኩ፤ አባቴም እየከበደው መጣ። አንድ የአጨዳ ጠዋት ከጎባ የመጣ ሹፌር አቡያ ጀማል ሌሊቱን ማረፉን ነገረን። እናቴ ወዲያው በመኪናው ሄደች። አባቴ «ኢና ሊላሂ» ብሎ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ሳይክሉን ከጓዳ አወጣ፣ ደወሉን በእጅጌው ጠረገና መሪውን ይዞ በእግሩ መግፋት ጀመረ።

«አባ፣ ለምን አትነዳውም? መግፋቱ ይከብድሃል» አልኩት።

«ዛሬ እረኛ ነኝ» አለ።

ከጎኑ ሄድኩ። በሮቤ መሃል፣ በገበያተኛው ፊት፣ ሰው ሁሉ እያየው ገፋ። ጋሽ ወልዴ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ በሁሉ ነገር የሚቀልድ ሰው ኮፍያውን አውልቆ እስክናልፍ አየን። ባሕር ዛፎቹ ጋ አባቴ አላረፈም። ጎባ ስንደርስ ጀናዛው ሊወጣ ሰው ተሰብስቦ ነበር። አባቴ ሳይክሉን እስከ ግቢው በር ገፋ፣ ቆመ፣ አውራ ጣቱን ደወሉ ላይ አድርጎ አንዴ ተጫናት። ቅጭል።

የአቡያ ሚስት ከሴቶቹ መሃል ወጥታ፣ ነጠላዋን እንደያዘች፣ ሳትቆጣ ጠየቀችው።

«አሁን መለስክለት?»

አባቴ ሳይክሉን የአቡያ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጀናዛውን ከሚሸከሙት ጋር ትከሻውን አስገባ። እዚያው ትቶት ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ሳይክል ላይ አልወጣም።

ባለፈው ቅዳሜ ከወጣቶቹ አንዱ ሲወጣ፣ አንዱ ሲወርድ፣ ልክ ደጄ ላይ ተላለፉ። የሚወርደው «አካም፣ አቦ!» ብሎ ጮኸ። የሚወጣው ጆሮው ውስጥ ሙዚቃ ሰክቶ አንገቱን እንደደፋ አለፈ። እኔ ከወንበሬ ተነስቻለሁ። ኋላ ሁለቱም ፊት ለፊቴ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጠው በስልካቸው ማን እንደፈጠነ እያዩ ሲሳሳቁ፣ ምርኩዜን ይዤ ተሻገርኩ።

«አንተ ልጅ፣ ቅድም ሰላም ብለኸው አልመለሰልህም» አልኩት የወረደውን። «አልከፋህም?»

ግራ ገብቶት ጓደኛውን አየ፣ እኔን አየ።

«በምን አባባ? ዳገት ላይ ነበራ!»

ሻይ ጋበዙኝ፤ ጠጣሁ። ሳይክላቸው በአንድ እጅ ይነሳል፣ የእኛን ሁለት ሰው ነበር የሚያነሳው፤ ደወልም የለውም፣ አያስፈልጋቸውም። የእኛ ሰዎች ለሰላምታ ደንብ አበጅተው ነበር፣ በመርዶው ቀንም ደንቡን ማንም አላፈረሰውም። ይኼ ልጅ ደንቡን አያውቀውም፤ አቡያ ያን ቀን በዝናብ ውስጥ ሊለው የሚገባውን ቃል ግን ሻይ እየጠጣ፣ እንደ ዋዛ አለው። ወደ በረንዳዬ ተመልሼ ስቀመጥ እናቴ ታየችኝ፤ ሹራቧን ደርባ፣ ጭነት መኪናው ላይ ብቻዋን፣ በባሕር ዛፎቹ በኩል ወደ ላይ ስትወጣ።