ድንቅነሽ ድዷን የተነቀሰች ጊዜ

ድንቅነሽን ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኝ። ሰው ነቃሿን ያማል፣ ዕድሏን ያማል፤ የአጎቷ ልጅ እኔ ግን እውነቱን አውቃለሁ።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ወር ሲቀረው፣ ሁለታችንም አሥራ ሦስት ዓመታችን ነበር። ድንቅነሽ የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነበር። ስትስቅ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያያት ነበር። ምን ልደብቅ፣ እቀናባት ነበር። ያን ሰሞን ድዷ አብጦ መግል ቋጠረና እናቷ፣ አክስቴ አማከለች፣ ወረታ ክሊኒክ ወሰደቻት። የክሊኒኩ ሐኪም፣ ድሬሰሩ አያልነህ፣ መርፌ ወጋትና፣ "ጥርስሽ ይተርፋል፤ ድድሽን ግን ምንም እንዳይነካው። በሳምንቱ ነይ" አላት።

እኛ የመንደሩ ልጃገረዶች ደግሞ ለጥምቀት ልንነቀስ ተቃጥረናል። በእኛ አገር ድዷ ያልጠቆረ ልጅ ምኑን ቆንጆ ሆነችው? ነቃሿ እናኑ በገበያ ቀን ይፋግ ከተማ ትቀመጣለች።

"ሐኪሙ ከልክሎኛል" አለች ድንቅነሽ።

"ኧረ ወዲያ! ፈርተሽ ነው" አልኳት። "ቀይ ድድሽን ይዘሽማ ከእኛ ጋር አትጨፍሪም። ሥጋ የነከሰች ውሻ ነው የምትመስይው።"

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

አብራን ሄደች። እናኑ መርፌዋን ጥላሸት እያስነካች ስትወጋት እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፤ ድምፅ ግን አላወጣችም። የቀጠሮዋ ዕለት ድሬሰሩ ጥቁሩን ድድ አይቶ እንዳይቆጣት ፈርታ፣ "ድኛለሁ" ብላ እናቷን ዋሸችና ከክሊኒክ ቀረች። እኔም፣ "አዎ አክስቴ፣ ድናለች" አልኩ።

ከዚያ ፊቷ አብጦ ዓይኗ ተደፈነ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስደው ሰባት ቀን ነከሯት፤ ምንም ጠብ አላለም። ወረታ ሲያደርሷት ድሬሰሩ ራሱን ነቀነቀ፤ በጉጠት አራቱን የፊት ጥርሶቿን ነቀላቸው። ጥምቀትን ቤት ዋለች።

ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ። እኔ አግብቼ ወለድኩ፤ እሷን ሽማግሌ የላከባት የለም። ሰርግ ቤት አትገባም፣ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አታወርድም።

አምና ሕሊናዬ አላስቀምጥ ቢለኝ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ።

"ተነሽ እንጂ፣ እብድ!" አለችኝ። "አንቺ ምን አደረግሽኝ? ከጓደኞቼ እንዳላንስ ብለሽ ነው። አንቺ እኮ ነሽ የምትወጅኝ።"

ቀንቼብሽ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። "አዎ" አልኳት።