በረንዳ ላይ የሚያድሩ መጻሕፍት

እህቴ ስትሞት የአሥራ አራት ዓመት ልጇ ለእኔ ቀረ። አባቱ ልጁ ገና ሳይወለድ ነው ጥሏቸው የሄደው። እኔ ወልጄ አላውቅም፤ ዕድሜዬ ያለፈው ሰበታ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ መዝገብ ቤት ፋይል ሳደራጅ ነው። ልጁ ልብሱን በማዳበሪያ፣ ጫማውን በፌስታል ይዞ ከቡራዩ ሲመጣ ከአልጋና ከምግብ ሌላ ምን እንደምሰጠው ግራ ገባኝ። መጽሐፍ እሰጠዋለሁ አልኩ። እኔን በልጅነቴ ሰው ያደረገኝ ማንበብ ነውና እሱንም ያጽናናዋል ብዬ አሰብኩ።

ዓለም ገና መንገድ ዳር ያገለገሉ መጻሕፍት ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው አለ። ከእሱ ሦስት ገዝቼ ልጁ ራስጌ አስቀመጥኩለት። ጠዋት ስነሳ በረንዳ ላይ አገኘኋቸው። እንግዳ እንደሚያስተኛ ሰው ከሥር ፌስታል አንጥፎላቸዋል፣ ከላይም አልብሷቸዋል።

መልሼ አስገባኋቸው። በማግስቱም ውጭ አደሩ። በሦስተኛው ቀን ጠየቅሁት።

«መጽሐፎቹን ለምንድነው የምታወጣቸው?»

«እኔ ያለሁበት ክፍል አይደሩ፣ አክስቴ።»

«ምን አደረጉህ?»

«ምንም» አለና ትምህርት ቤት ረፈደብኝ ብሎ ወጣ።

ሥርዓት ያለው ልጅ ነው፤ ቃል አይመልስም። ደብተሩን እንኳ የሚያጠናው ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ነበር። እኔ ግን ስንፍና መሰለኝ። ማባበልም ሞከርኩ። «አንዷን ብቻ አንብበህ ጨርስና ስልክ እገዛልሃለሁ» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ስልኩ ይቅርብኝ» አለ።

የትኛው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው ስልክ ይቅርብኝ የሚለው? መጀመሪያ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

ሐምሌ ላይ ጉንፋን ጣለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ጉሙ ከወጨጫ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል፤ መብራት ጠፍቷል፤ ገና በዘጠኝ ሰዓት ቤቱ ድንግዝግዝ ብሏል። ተኝቼ ጣራ ጣራውን ማየት ሲሰለቸኝ «እባክህ ትንሽ አንብብልኝ፤ ዛሬ እንኳ እንቢ አትበለኝ» አልኩት። ብዙ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ከበረንዳው አንዱን መጽሐፍ አምጥቶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

ንባቡ ጥርት ያለ ነው። ሁለት መስመር አንብቦ አቆመ።

«አክስቴ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

ሁለት መስመር ደግሞ አነበበ። «አለሽ?»

«አለሁ፣ ቀጥል።»

መጀመሪያ አሳቀኝ፤ በኋላ ሰለቸኝ። ቆይቶ ግን «አለሽ?» ሲል ዓይኑ እኔ ላይ እንዳልሆነ አስተዋልኩ። ወደ አልጋው ግርጌ፣ ማንም ወደሌለበት ጥግ ነው የሚያየው። ትኩሳቱ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ።

ስነቃ አፍንጫዬ ሥር ቀዝቃዛ ነገር አለ። ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ትንሹ መስታወት ነው። ልጁ በሁለት እጁ ይዞት፣ ፊቴን ሳይሆን መስታወቱን አፍጥጦ ያያል። ትንፋሼ መስታወቱን ሲያደበዝዘው አብረን አየን። አልጮኽኩም። እሱም እጁን አልሰበሰበም።

«አልመለስሽልኝም» አለ።

«ተኝቼ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«እሷም የተኛች መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ነገረኝ። እህቴ ታማ በተኛችበት ሰሞን የትምህርት ቤት መጽሐፉን ያነብላት ነበር። የዚያን ቀን ምንባቡ ስለ ንብ ነው። ከላይ እስከ ታች አነበበላት። ከሥሩ ያሉትን ጥያቄዎችም ቀጠለ፤ ሁልጊዜ የምትመልሰው እሷ ነበረች። አንደኛውን ጠይቆ ጠበቀ። ሁለተኛውን ጠይቆ ጠበቀ። አምስቱንም ጨርሶ መልስ ሲያጣ፣ ምንባቡን በደንብ ያልሰማች መሰለውና እንደገና ከመጀመሪያው አነበበላት።

«የቱ ጋ ስደርስ እንደሞተች አላውቅም» አለኝ። «ሁሌ የማስበው እሱን ነው። የትኛው መስመር ላይ?»

ስቤ አቀፍኩት፤ መስታወቱ ደረታችን መሃል ተጣብቆ ቀረ።

ከግቢያችን ቀጥሎ በኦሮምኛ አክብረን ኦቦ የምንላቸው ዓይነ ስውር ሽማግሌ አሉ። ረጅም ዘመን አስተምረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ታነብላቸው የነበረችው ልጃቸው አግብታ ሱሉልታ ከገባች ወዲህ መጽሐፍ የሚያሰማቸው አጥተዋል። ሲሻለኝ ሄጄ የልጁን ነገር አጫወትኳቸው። «ላኪልኝ፣ ልጄ። እኔ ስሰማ ዝም ማለት አላውቅበትም» አሉ።

ልጁ ሁለት ሳምንት እንቢ አለ። በመጨረሻ እኔ አብሬው ልቀመጥ ተስማምተን ሄድን። ሽማግሌው «አካም ጂርታ?»፣ እንዴት አለህ ብለው ወንበር በእጃቸው ዳብሰው ሰጡት። ማንበብ ጀመረ። ሁለት መስመር አንብቦ ሊያቆም ሲል እሳቸው «ጂራ» አሉ፤ በኦሮምኛ አለሁ ማለታቸው ነው። ቀጠለ። «ጂራ» አሉ፣ ሳይጠየቁ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ጂራ»። ልጁ ቀና ብሎ አያቸው፤ ትከሻው ሲላላ አየሁት። ያን ቀን አሥራ አንድ ገጽ አነበበ።

ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። ማክሰኞና ቅዳሜ ከሰዓት እየሄደ ያነብላቸዋል፤ መጽሐፉንም የሚመርጠው ራሱ ነው። አንዳንዴ በታሪኩ መጨረሻ ሳይስማሙ ቀርተው ሲከራከሩ በአጥሩ በኩል ይሰማኛል። ለእኔ ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አንብቦልኝ አያውቅም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሲሆን አሁን ድምፁን አውጥቶ ያነባል። ከጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ። አንድ ገጽ ያነብና ዝም ይላል፤ ጥያቄ እንደጠየቀ ሰው ይጠብቃል። ቆይቶ «እሺ» ብሎ ይቀጥላል። መጀመሪያ በሰማሁ ጊዜ የያዝኩት ሳህን ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ዛሬ ዛሬ ለመድኩት። ማን እንደመለሰለት ግን ጠይቄው አላውቅም።