በሁለት እጅ የተሰጠ ሽጉጥ

ካሳዬን ለሰርግ የሚጠራው ሰው ሁሉ የሚጠራው ወገቡን ነበር። ወገቡ ላይ ፈቃድ ያለው፣ በቡናማ ቆዳ ማኅደር የተቀመጠ ሽጉጥ አለ። የሰሚት ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ደግሞ፣ የቆመበት መሬት ትናንት የጤፍ ማሳ እንደነበረ ረስቶ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ባላባት ለመምሰል የሚንጠራራ ንዑስ ከበርቴ ነውና፣ ልጁን ሲድር አንድ የታጠቀ ሽማግሌ ከፊት ወንበር ላይ እንዲታይለት ይፈልጋል። ድንኳኑን ይከራያል፣ መኪናውን ይከራያል፣ ቪዲዮ ቀራጩን ይከራያል። ካሳዬን ግን በነፃ ያገኘዋል።

ሰውየው ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቀጭን፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመንገድ ቀያሾችን አጅቦ ቆላ ለቆላ ዞሯል። እነሱ ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ተክለው ተራራውን ሲለኩ፣ እሱ ከኋላቸው ቆሞ ቁጥቋጦውን ይጠብቃል። በዚያ ሁሉ ዘመን የተኮሰው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጅብ ላይ፣ ሁለቱንም ስቷል። ይህንን የሚያወራው ራሱ ነው። በዚህ ከተማ ውስጥ መሳቱን የሚያወራ ሌላ ታጣቂ እስካሁን አልተገኘም።

ሥነ ሥርዓት ግን ነበረው። ሽጉጥ ይዞ ሰው መሃል የሚገባ ሰው የሁሉም እንግዳ ነው፣ የማንም ጌታ አይደለም ይል ነበር። ድግስ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈልገው ወንበር ሳይሆን የቤቱን ባለቤት ነው፤ ጠጋ ብሎ መያዙን ይነግረዋል፣ ካልተመቸህ እመለሳለሁ ይለዋል። መጠጥ አይነካም፤ ሌላው ውስኪ ሲገለብጥ እሱ አንድ ሚሪንዳ ይዞ ያመሻል። ሕፃን ጉልበቱ ላይ ሊወጣ ሲመጣ ብድግ ይላል። ሙቀት ቢያፍነውም ኮቱን አያወልቅም። ደግሞ ሰው ሲከራከረው ወዲያው ይሸነፋል። የታጠቀ ሰው ክርክር ሲረታ በምን እንደረታ አይታወቅም፣ ስለዚህ ነውር ነው የሚል እምነት ነበረው። በዚህ ምክንያት ብሎኩ ውስጥ ስለ ውሃ ፓምፕም፣ ስለ ኳስም፣ ስለ ዓለም ፖለቲካም ካሳዬን ያልረታ ሰው የለም። ሕዝቡ በክርክር ችሎታው እንዲህ የኮራበት ዘመን አልነበረም።

ከሁሉ የሚበልጥበት ልማዱ ግን ሌላ ነው። ታጥቆ አይመርቅም። ለምርቃት ሲነሳ የጥይት ካዝናውን ነቅሎ ኪሱ ይከታል፣ ውስጡ ጥይት አለመቅረቱን ያያል፣ ከዚያ ባዶውን ሽጉጥ በሁለት እጁ ለደጋሹ ያስረክባል። የተማረው ቆላ ነው። እሱ በሠራባቸው መንደሮች እንግዳ መሣሪያውን ለአስተናጋጁ ይሰጣል፤ አስተናጋጁም ምሰሶው ላይ ይሰቅለዋል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእንግዳው ክብርም ነፍስም በአስተናጋጁ ላይ ነው። ካሳዬ ይህንን ሕግ ጠቅልሎ አመጣና ምሰሶ በሌለበት ከተማ፣ በአንድ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ነጋዴ እጅ ላይ አስቀመጠው። ስህተቱ ይኸው ነው፤ ሌላ አትፈልጉለት።

ነጋዴው ጸጋአብ ይባላል። የሁለቱ በር ፊት ለፊት ነው፤ ቁልፍ የተረከቡት በአንድ ቀን፣ የኖሩት አሥራ አንድ ዓመት። ካሳዬ ጡረታ ሲወጣ ጸጋአብ ወደ ሱቁ እየወሰደ ያስቀምጠው ጀመር። ደንበኛ ያስቸገረ ቀን ወንድሜን ላስተዋውቅህ ይላል። ካሳዬ ሻዩን ይጠጣል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ ደንበኛው የሚያየው ግን ሌላ ነው፣ ድምፁንም ዝቅ ያደርጋል። ካሳዬ ይህንን ወዳጅነት ይለው ነበር። በንጹህ አማርኛ ብዝበዛ ይባላል።

ባለፈው ጥር የጸጋአብ የበኩር ልጅ ሮሃ ተዳረች። ሙሽራው የቦሌ ልጅ ነው፤ አባቱ መድኃኔዓለም አካባቢ ሕንጻ አላቸው፣ አጎቶቹም ሲራመዱ ሕንጻ ነው የሚመስሉት። የሴት ወገን በሁለት ሚኒባስ ይመጣል፤ የወንድ ወገን የአዳራሹን መኪና ማቆሚያ ብቻውን ይሞላል። ጸጋአብ እንቅልፍ አጣ። አንድ መስኮት ሻጭ አንድ ባለ ሕንጻ ፊት ሲቆም የሚይዘው የመደብ ብርድ ያዘው። ሰርጉ ቅዳሜ ሊሆን ማክሰኞ ዕለት ለካሳዬ በቴሌግራም ድምፅ ላከ።

«ካስዬ፣ ወንድሜ፣ ቅዳሜ ያንን ነገር ይዘህ ናልኝ። ኮትህንም ከፈት አድርገው። እነዚህ ሰዎች ሰው የሌለን ነው የመሰላቸው። አንተ ከፊት ተቀመጥልኝ፣ መርቅልኝ፣ የቀረው በእኔ ነው።»

ከድምፁ ኋላ የመኪና ሞተር ይሰማል፤ ሮሃም እየሳቀች አባዬ ኧረ ተው ትላለች። የካሳዬ ሚስት አስመረት ሽንኩርት እየከተፈች አብራ ሰማችና፣ ልጅ ሊድር ነው ወይስ ግንባር ሊዘምት ነው ብላ ጠየቀች። ካሳዬ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ከዚያ መነጽሩን አደረገና በአንድ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል፣ «እሺ ወንድሜ ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ጽፎ ላከ።

ቅዳሜ ሄደ። አዳራሹ በር ላይ ጥበቃው ፈቃዱን አገላብጦ ሲያመነታ ጸጋአብ ሮጦ መጣና የእኔ ሰው ነው ብሎ አስገባው። ካሳዬ እንደ ልማዱ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ካልተመቸህ ሊለው ሲጀምር፣ ጸጋአብ የኮቱን ቁልፍ በገዛ እጁ ፈታለት። ከፊት አስቀመጠው። አጎቶቹ አዩት፤ አንደኛው ለሌላው አንሾካሾከ። ጸጋአብ በዚያች ቅጽበት አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል አደገ።

የምርቃቱ ሰዓት ደረሰ። ካሳዬ ተነሳ፣ ካዝናውን ነቀለ፣ ውስጡን አየ፣ ባዶውን ሽጉጥ በሁለት እጁ ለጸጋአብ ሰጠ። ዓይኑንም ጨፍኖ መረቀ። ምርቃቱ ረጅም ነው፤ ቆላ ውስጥ ዝናብ የሚለምኑ ሰዎች ዘንድ የተለማመደው ስለሆነ አይቸኩልም። ዓይኑን ሲገልጥ ሽጉጡ ጸጋአብ ወገብ ላይ ነው። ጸጋአብ ኮቱን ወደ ኋላ ገፍቶ በየጠረጴዛው ይዞራል፤ ከአጎቶቹ ጋር ፎቶ ይነሳል፤ ኬኩ አጠገብ መዳፉ ላይ አድርጎ ያሳያል፤ ሙዚቃው ሲመጣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እስክስታውን ይመታዋል፣ ትከሻው እስኪገነጠል። ካሳዬ ሄዶ ቀስ ብሎ ጠየቀው። ቆይ አንዲት ፎቶ ብቻ አለው። ካሳዬም ቆየ። አንዲቷ ፎቶ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀች።

ከሙሽራው ዘመዶች አንዱ ጭፈራውን ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ሰኞ ከተማው ሲስቅበት ዋለ፤ ማክሰኞ ፖሊስ ጸጋአብን ጠራ።

እዚህ ላይ ነው አድርባይነት ምን ያህል ፈጣን ጥበብ እንደሆነ የሚታየው። ጸጋአብ በሰጠው ቃል መሠረት ካሳዬ ያዝ ሳይባል ታጥቆ የመጣ ጎረቤት ነው፤ ኮቱን ከፍቶ ከፊት ወንበር ላይ ተሰይሞ እንግዶችን አስፈራርቷል፤ እሱ ጸጋአብ ግን የልጁ ሰርግ እንዳይበላሽ ሰውየውን በብልሃት አግባብቶ ትጥቅ አስፈታው፤ ለደህንነትም ሲባል ራሱ ታጥቆት አመሸ። ጭፈራው የደስታ ነው። ይህ ቃል ከጣቢያው ወጥቶ ቦሌ ደረሰ። አጎቶቹ ለካስ ይህ ሰው ልብ አለው ተባባሉ፤ የሙሽራው አባትም ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ደወሉለት።

በማግስቱ የተጠራው ካሳዬ ነበር። መርማሪዋ ሊድያ የምትባል ወጣት ናት፤ የጸጋአብን ቃል አነበበችለት። ካሳዬ አፉን ሸፍኖ ሳቀ፤ ስህተት መስሎት ነው። ከዚያ ስልኩን አወጣ፤ ድምፁን ላሰማሽ አላት። ከፈተ። ድምፁ የለም። ወደ ላይ ገፋ፤ ጸጋአብ ለገና የላከው የሻማ ሥዕል አለ። ወደ ታች መለሰ። ከሥዕሉ ሥር የእሱ መልስ ብቻዋን ቁጭ ብላለች፤ «እሺ ወንድሜ ይዤ እመጣለሁ»።

«ማን ጠየቀዎትና ነው ይዤ እመጣለሁ ያሉት?» አለች ሊድያ።

ስልኩን ተቀብላ አየችለት። ላኪው የላከውን ከራሱም ከተቀባዩም ስልክ ላይ ማጥፋት እንደሚችል፣ ጠባሳም እንደማይተው አስረዳችው። ከዚያ ጉዳዩን ለሁለት ከፈለችለት። ሽጉጡን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠቱ ራሱ የተከለከለ ነው፤ በዚህ ፈቃዱ መሄዱ አይቀርም። ሰው አስፈራርቷል የሚለው ግን ሌላ ክስ ነው፤ ድምፁን የሰማ ምስክር ካመጣ ይወድቃል። ሚስቴ ሰምታለች አላት። ከሚስትዎ ሌላ አለችው።

ፈቃዱስ ይሂድ። ያንገበገበው ሁለተኛው ነው። ሕፃን እንዳይደነግጥ ከወንበሩ ሲነሳ የኖረ ሰው፣ ሰርግ ያሸበረ ተብሎ መዝገብ ላይ ሊቀመጥ ነው። ሌላ የሰማ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ አለ፤ መኪናው ውስጥ የነበረችው ሮሃ።

ሮሃ ከሐዋሳ ከጫጉላው ስትመለስ ራሷ መጣች፤ ቀድሞ የአባቷን በር ሳታንኳኳ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አስመረት ውሃ አቀረበችላት፤ አልጠጣችም።

«ጋሽ ካሳዬ፣ ሲልክ አጠገቡ ነበርኩ። ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ነይና ይህንኑ ለመርማሪዋ ንገሪያት። ሌላ አልጠይቅሽም።»

ቀለበቷን እያዞረች፣ አማቶቿ አባቷን ሰው ብለው የቆጠሩት ገና አሁን መሆኑን ተናገረች። ድምፁ ከተሰማ፣ ሽጉጡን ያስመጣውና የኮራባቸው አባቷ ራሱ እንደሆነ ያውቃሉ። «እኔ የምኖረው እኮ እዚያ ቤት ነው» አለችው።

«እኔስ የት ነው የምኖረው፣ ሮሃዬ?»

አለቀሰች። የሚያባብላት እሱ ሆነ። ሽጉጡ ጣቢያ ተይዞ ነበር፤ ያን ቀን ወገቡ ባዶ ነው፤ በገዛ ሕጉ እንኳ መሸነፍ ግዴታው አልነበረም። ሆኖም ተሸነፈ። ይህንን ጨዋነት የሚል ካለ ይበል። አስመረት ሌላ ስም አወጣችለት፤ እዚህ አይጻፍም።

ጣቢያ ተመልሶ በገዛ እጁ መስጠቱን ፈረመ፤ ማንንም አላስፈራራሁም የሚለውንም አስጻፈ። ምስክር የለውም። ጸጋአብ ግን ደግ ነው፤ ጎረቤቴ ስለሆነ ይቅር ብዬዋለሁ ብሎ ጽፎ አስገባና ክሱ በዚያ ተዘጋ። እንዲህ ካሳዬ ባላጠፋው ጥፋት ይቅር ተባለ። የብሎኩ ነዋሪም በጉባኤ ተሰብስቦ፣ በሰፊው ሕዝብ ጭብጨባ፣ ትጥቅ ያስፈታውን ጀግና የጸጥታ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጎ መረጠው። ካሳዬ ሲያልፍ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ ያደርጉ ጀመር።

ሰኔ ላይ አንዲት የብሎኩ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀች፤ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ካሳዬና አስመረትም ተጠርተዋል፤ ጥሪው ለሁሉም ነበር። ድንኳኑ በር ላይ ጸጋአብ አረንጓዴ ሰደርያ ለብሶ የሚገባውን ይፈትሻል። ሌላውን ሰው ትከሻውን መታ እያደረገ ያሳልፋል። ካሳዬ ሲደርስ ግን እጅህን ወደ ላይ አለው፤ ደንብ ነው፣ አትቀየመኝ ብሎም ጨመረ። ካሳዬ እጁን አነሳ። ጸጋአብ ብብቱን ዳሰሰ፣ ወገቡን ዞረ፣ እስከ ካልሲው ወረደ። ሲጨርስ እለፍ አለው።

ካሳዬ አላለፈም። እጁን እንዳነሳ ቆመ።

«ድምፁን መቼ ነው ያጠፋኸው?»

ጸጋአብ የሰማ አልመሰለም፤ ቀጥሎ ያለውን ሰው በእጁ ጠራ። ካሳዬ መንገዱን አልለቀቀም።

«ከሰርጉ በፊት ነው፣ ከሰርጉ በኋላ? እሱን ንገረኝና ከዚህ ዘወር እላለሁ።»

ከኋላ ሰልፉ እየረዘመ ነው። ምንድን ነው እዚያ የሚል ድምፅ መጣ፤ አንዷ ሳህን ይዛ የቆመች ሴት ምግቡ ቀዘቀዘ አለች። እጁን ያነሳ ሰው በር ላይ ሲቆም ሁሉም ያያል፣ ጸጋአብ ደግሞ መታየትን የሚወደው ሲያምርበት ነው። ወደ ጆሮው ጠጋ አለና ቶሎ ቶሎ ተናገረ።

«በፊት ነው። ዓርብ። ለጥንቃቄ ያህል እንጂ በክፋት አልነበረም፣ ካስዬ ሙት።»

ዓርብ ማለት ከሰርጉ አንድ ቀን በፊት ነው። ኮቱን በገዛ እጁ ሲፈታለት፣ ከፊት ሲያስቀምጠው፣ ሽጉጡን በሁለት እጅ ሲቀበለው፣ ድምፁ ጠፍቶ አድሯል።

ካሳዬ እጁን አወረደ። አመሰግናለሁ አለው፤ የምሩን ነው ያለው። ከዚያ በሰልፉ አጠገብ አጠገብ ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ደረጃው ሄደ። አስመረት ጥቂት ቆማ አየችውና፣ የልጅቱን ስጦታ ጸጋአብ እጅ ላይ ጥላ ተከተለችው። ድንኳኑ ውስጥ የገባው ወገን ያን ከሰዓት ሲያወራ የዋለው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ሽጉጡን ከተቀማ ወዲህ ሰው ጠልቷል።