የሞቀው ውሃና የአዴ ቱሜ «ናጋ»

ይህ ነገር የደረሰብኝ ነገሌ ቦረና ተመድቤ ስሠራ፣ አንድ ዓመት ልደፍን ትንሽ ሲቀረኝ ነው። ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ዛሬም ለብ ያለ ውሃ እጄን በነካው ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ሲለኝ ደግሞ በራሴ አፍራለሁ።

ሥራዬ የውሃ ምርመራ ነው። የሄድኩት ከደሴ ነው፤ ዘመድ የለ፣ ጓደኛ የለ። ኦሮምኛዬ «አካም» ብሎ «እንዴት ነህ» ከማለትና «ናጋ» ብሎ «ደህና» ከማለት አያልፍም። አንዳንድ ቀን ከሥራ ከወጣሁ ጀምሮ እስከ ማግስቱ አንድ ቃል ሳልተነፍስ አድራለሁ። ቀልድ አይደለም፣ አንድ ጠዋት ሁልጊዜ ለሚያመላልሰኝ የባጃጅ ሾፌር ሰላም ልል ስል ድምፄ ተዘግቶ አገኘሁት።

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ጅረት እየሳሳ ሄዶ ሄዶ፣ ድንጋይ መካከል የተኛ ኩሬ ሆነ። በየወሩ እየሄድኩ ሙቀቱን እለካለሁ፣ ናሙና እወስዳለሁ። ያን ቀን ቴርሞሜትሩን አላምን ብዬ እጄን ከተትኩ። ለሕፃን ገላ ማጠቢያ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። ድንጋዮቹ አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር ለብሰዋል። ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ውስጥ ቆሻሻውን እየበሉ የሚያጸዱ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ። ውሃው ሲቆምና ሲሞቅ እነዚያ አየር ያጥራቸዋል፣ የማንፈልጋቸው ደግሞ ይፈሉበታል። ይህን እያወቅኩ ነው ያጠፋሁት።

ከኩሬው አጠገብ አዴ ቱሜ የሚባሉ እናት ብቻቸውን ይኖራሉ። ድሮ በከተማው የጦር ካምፕ ለሚኖሩ የወታደር ቤተሰቦች ወተት ሲሸጡ አማርኛ ለምደዋል። ጎጇቸውን ተደግፈው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለዋል። የምሞላው ቅጽ ላይ «ውሃውን የሚጠቀም ሰው የጤና ችግር ገጥሞታል?» የሚል ጥያቄ አለ። እኔ ደግሞ ናሙናዬን ያቀዘቀዝኩበት በረዶ ቀልጦ እንዳይበላሽብኝ ቸኩያለሁ።

«አካም፣ አዴ ቱሜ? ጤና ነዎት? ውሃው ደህና ነው?»

«ናጋ» አሉኝ።

«የለም» ብዬ ጻፍኩና ዳገቱን ተያያዝኩት። ከኋላዬ የሆነ ነገር ያሉ መሰለኝ። አልዞርኩም።

በማግስቱ ናሙናውን ያሳደርኩበትን ሳህን ሳየው ደነገጥኩ። ጀርሙ መቁጠር እስኪያቅተኝ ፈልቷል። ወደ አለቃዬ ሮጥኩ። እሱ ግን የገዛ ጽሑፌን በጣቱ አሳየኝ።

«የለም ያልሽው አንቺው ነሽ። ያለን የውሃ ማከሚያ መድኃኒት ትንሽ ነው፤ ሰው የታመመበት ቦታ ይቀድማል።»

ቅጹን ይዤ ወጣሁ።

ከሥራ ስወጣ የዘወትር ባጃጄ ላይ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ዱባ የዚያው አካባቢ ተወላጅ ነው። «ኩሬው እንዲያ ጀርም ፈልቶበት አዴ ቱሜ ምንም አልሆኑም፤ የእናንተ አገር ሆድ ብረት ነው መሰለኝ» ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም።

«ምን አሉሽ?»

«ናጋ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሄድኩ።»

ባጃጁን ጥግ አስያዘ። «እህቴ፣ ናጋ እኮ ገና ሰላምታው ነው። እኛ ጋ ሰው ቤቱ ተቃጥሎ እንኳ መጀመሪያ ናጋ ነው የሚለው። ስለ ከብቱ ትጠይቂያለሽ፣ ስለ ቤቱ ትጠይቂያለሽ፣ ቁጭ ትያለሽ። ክፉ ወሬ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።»

ክው አልኩ። «በእናትህ አዙረው!» አልኩት።

አዴ ቱሜ ደጅ አልነበሩም። ውስጥ መሬት ላይ ተኝተው፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ዓይናቸው ጎድጉዶ አገኘናቸው። ከራስጌያቸው የዚያው ኩሬ ውሃ በጀሪካን ተቀምጧል። ዱባ አቅፎ አወጣቸው፣ እኔ ባጃጁ ውስጥ ደግፌያቸው ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሙ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ...» ብሎ ቀሪውን ዋጠው። ቅጹን ሰርዤ እንደገና ሞላሁት። ኩሬው ታጠረ፣ ለሰፈሩም ውሃ በቦቴ መጣ።

ነፍስ ሲዘሩ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሌላ ጠያቂ አልነበራቸውም። «አካም?» ስላቸው፣ ጉሉኮስ ተንጠልጥሎባቸው እያለ «ናጋ» አይሉኝም መሰላችሁ! አሁን ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ስለ ፍየሎቻቸው ጠየቅኩ፣ ስለ እንቅልፋቸው ጠየቅኩ። ቀስ እያለ መጣ። ሁለት ፍየሎቻቸው ከዚያ ውሃ ጠጥተው ሞተዋል። እኔ የሄድኩ ዕለት እሳቸውን ተቅማጥ ከያዛቸው ሁለት ቀን ሆኗቸው ነበር።

«ልነግርሽ ነበር። አንቺ ሮጥሽ» አሉኝ።

ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ለመንኩ። ራሴን ዳበስ አደረጉኝና «አንቺስ?» አሉ።

«ናጋ» አልኩ።

ወደ እኔ ዞር አሉ። «እናትሽ ናጋ? ቤትሽ ናጋ? ማታ ከማን ጋር ትበያለሽ?»

እዚህ ላይ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «ብቻዬን» አልኩ። «አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ከማንም ጋር በልቼ አላውቅም።» እጄን ያዙኝና አልቅሼ እስኪወጣልኝ ጠበቁኝ።

ዛሬ አገሬ ደሴ ገብቻለሁ፤ የማውቀው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። አዴ ቱሜ ማረፋቸውን ዱባ ደውሎ የነገረኝ ከተመለስኩ በኋላ ነው። የአገሬ ሰዎች በየቀኑ «እንዴት ነሽ?» ይሉኛል፣ «ደህና» እላለሁ፣ ያልፋሉ። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ሮጬ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ግን ከአዴ ቱሜ ወዲህ ሁለተኛውን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም።