ጠርዝ ላይ የቆመችው ተናኘ

መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ የደምሰው ፎቶ ቤት አንድ ሕግ ነበረው፤ ጠርዝ ይጽዳ። ሙያውን ሲሠለጥን አስተማሪው ደጋግሞ የነገረው ይህንን ነው። ፎቶ የሚበላሸው ከመሀሉ ሳይሆን ከዳሩ ነው፤ የገባ ክርን፣ የተንጠለጠለ ሽቦ ዓይን ይሰርቃል። ስለዚህ ደምሰው ሰው ሲያነሳ ፊቱን ከመሀል ወደ ጎን ገፋ ያደርገዋል፣ በሚያይበት በኩል ባዶ ቦታ ይተውለታል፣ ከዚያ አራቱን ጠርዝ በዓይኑ ይዞራል። የተረፈውን ኮምፒውተር ላይ ይቆርጠዋል።

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲቆርጥ የኖረው ሚስቱን መሆኑን ያወቀው ከቀበራት በኋላ ነው።

ተናኘን ደም ግፊት በአንድ ቀን ነጠቀው። ለለቅሶው ድንኳን የተገኘው የመታወቂያዋ ፎቶ ብቻ ነበር። አሳድጎ ቢያትመው ማኅተሙ አገጯ ላይ ተጋድሞ ወጣ።

አርባዋ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው እህቷ ውብነሽ ፎቶ ቤቱ ድረስ መጣች።

«የሰፈሩን ሰው ሁሉ አንስተህ ሚስትህን አላነሳህም?»

«ነገ ነገ ስንል ነው፣ ውቤ። ‹እኔ የት እሄድብሃለሁ፣ ይልቅ ደንበኛ አታስቁም› ትለኝ ነበር።»

«አንተም እሺ አልካት! ለሰው እየሰፉ ራቁት መሄድ ማለት ይሄ ነው። ስማ፣ ለአርባዋ ያንን ማኅተም ታቅፌ አልቆምም። ፊቷን አምጣልኝ።»

የዘመድ አዝማዱን ስልክ ለቃቅመው አይተው ነበር። በሁሉም ላይ ተናኘ ትሪ ይዛ ጀርባዋን ሰጥታለች።

ደምሰው ያልተቆረጡትን የድሮ ፋይሎች ከፈተ። ሪፍሌክተር የምትይዝለት ተናኘ ነበረች፤ ያንን ብርሃን የሚመልስ ነጭ ክብ ሸራ ደረቷ ላይ አድርጋ ከደንበኛው ጎን ትቆማለች። በየፎቶው ዳር ብቅ አለች። ሁለት ጣት። የነጠላ ጫፍ። ግድግዳ ላይ ጥላ። የሀይሌ ጋርመንት ሰፈሯ ደንበኛ፣ የገዲሴ የምረቃ ፎቶ ላይ ክርን። ፊት ግን የለም።

እንደ ልማዱ ጥራቱን ለማየት የገዲሴን ዓይን አጎላው። ብሌኑ ላይ ነጭ ክብ ነጥብ አለ፤ ዓይንን ሕያው የሚያደርገው ያ የሪፍሌክተሩ ብርሃን። ከነጥቡ በላይ ጥቁር የራስ ቅርጽ ቆሟል። ሌላ ፎቶ ከፈተ፤ እዚያም አለች። ሙሽራውም፣ ሽማግሌውም ዓይናቸው ውስጥ ይዘዋታል። እነዚያ ፎቶዎች ደግሞ በየሰዉ ሳሎን ተሰቅለዋል። ደምሰው ወንበሩን ከስክሪኑ ወደ ኋላ ሳበ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና አጎላት፤ ፈርሳ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ሆነች።

በማግስቱ ሳያጠፋው ረስቶት የቀረ አንድ የተበላሸ ፎቶ አገኘ። ጡረተኛው ሹፌር ጋሽ አስረስ ልክ ሊነሱ ሲሉ አስነጥሰዋል፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ መዳፋቸው አፋቸው ላይ ነው። በቀኝ ጠርዝ ተናኘ ከሸራው በላይ ወደ እሳቸው አዘንብላለች፤ «ይማርዎ!» ስትል አፏ እንደተከፈተ። የቀኝ ጉንጯ ፎቶው ውስጥ ነው፤ የግራው ከጆሮዋ ጋር ከፎቶው ውጭ ቀርቷል።

እሷን ብቻ ለይቶ ቢቆርጣት ቦታ አጣች፤ ፊቷ ታነቀ። የምታይበት በኩል ባዶ መሆን አለበት፤ እዚያ ደግሞ ጋሽ አስረስ ተቀምጠዋል። በጥንቃቄ፣ ከጉልበታቸው ጀምሮ፣ ሰውየውን አጠፋቸውና ግድግዳውን ሞላበት።

ውብነሽ መጥታ ስታየው ቆማ ቀረች።

«ሌላኛው ጉንጯስ?»

«ከጠርዙ ውጭ ነው።»

«እሷ ናት። እሷው ናት።» አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ግን ማንን ነው የምታናግረው? ማንም የለማ!»

ደምሰው ቅጂውን ጠቅልሎ ሰጣት፤ ለአርባዋ እሱን ታቅፋ ቆመች።

ሌላ ቅጂ ለራሱ አትሞ ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። አንድ ከሰዓት በኋላ የሸራውን አቧራ ሲያራግፍ አስነጠሰው። ሸራውን እንደያዘ ጠበቀ። የሚጠብቀውን ሲያውቅ ቀና አለ፤ ተናኘ አፏን ከፍታ ባዶውን ግድግዳ ታያለች።

ወንበሩን አንስቶ በምታይበት በኩል ተቀመጠ።