ጳጉሜ የሌለችበት ግራፍ

ሰብሪያ ይማምን ያወቅኋት ተጣልቻት ነው። እኔ በዛች እባላለሁ፤ መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ የጤና መሥሪያ ቤት የወባ ሪፖርት ስሰበስብ ፀጉሬ ሸበተ። እሷ በጥር ወር አዲስ ተቀጥራ ላፕቶፗን በሻርፕ ጠቅልላ መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ለዞን የሚቀርበውን ስላይድ እየሠራሁ ነበር። ግራፉን ከኤክሴል ቀድቼ ስላይዱ ላይ እለጥፋለሁ፤ አንዲት ቁጥር ስትቀየር ያንን አጥፍቼ ሌላ እለጥፋለሁ። ልጅቷ ትንሽ አየችኝና፣ «እትዬ በዛች፣ ይሄማ በኮድ ይሠራል እኮ» አለችኝ።

«ኮድሽን ለራስሽ!» አልኳት። ገና ወንበሩ ሳይሞቃት ልታስተምረኝ!

ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሳይውል ሳያድር ተሸነፍኩ። ሰብሪያ የጻፈችው ኮድ የጤና ኬላዎቹን ቁጥር ራሱ ያነባል፣ ግራፉን ይሥላል፣ ስላይዱ ላይ በቦታው ያስቀምጠዋል። አንድ ቁልፍ ትጫናለች፤ ያዘዝነው ሻይ ሳይመጣ የስብሰባው ስላይድ በሙሉ ተሠርቶ ይጠብቀናል። ኃላፊያችን አቶ ወልደ ገብርኤል፣ ሰው አመስግነው የማያውቁት ሰውዬ፣ «የኔ ልጅ» ይሏት ጀመር። ቀናሁ፤ ምን እደብቃለሁ። ቅናቱ ግን አልቆየም፣ ልጅቷ አትጠላም።

አባቷ ከላላ ወረዳ ውስጥ ቁርአን የሚያስቀሩ ሼህ ናቸው። እዚያ ተማሪ የተነገረውን ጮክ ብሎ ለመምህሩ ይመልሳል፤ ሰብሪያም ስልክ ላይ እንዲሁ ነበረች። የጤና ኬላ ሠራተኞች ቁጥር ሲነግሯት ቃል በቃል ትደግምላቸዋለች፤ ከዚያ «ደርሶኛል» ትላለች። በጆሮዋ የገባ ቁጥር ጠፍቶባት አያውቅም። እኔ እንኳ፣ የሰው ሥራ የማያጠግበኝ ሴትዮ፣ በዚህ አመንኳት።

ጳጉሜ ላይ በቆላው ወባ ጨመረ፤ እኛ ግን አላወቅንም። ቆላው የምለው ወደ ዓባይ ቁልቁል የሚወርደውን ቀበሌ ነው፤ እዚያ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አፍናን የሰብሪያ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት። በየቀኑ ትደውላለች፤ ሰብሪያም ትደግማለች፣ ላፕቶፗ ላይ ታስገባለች። የሁሉም ኬላ ቁጥር በየቀኑ ስለሚጎርፍ፣ የቱ እንደጨመረ የምናየው ከግራፉ ነው። አንድ ቀን ስልኩን ዘግታ፣ «እትዬ፣ አፍናን ድምፅዋ ልክ አይደለም፤ ወባው የበዛባት መሰለኝ» አለችኝ። ሁለታችንም ግራፉን አየን። ቀዩ መስመር መሬት ላይ ተኝቷል። «ከሌላው አይብስም፤ በዓል ስለደረሰ ደክሟት ይሆናል» አልኳት። እኔም ግራፉን አመንኩት፣ እሷም አመነችው። ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ደግሞ የቆላው ኔትወርክ ጠፋ፤ አፍናንም አብራ ጠፋች።

ስብሰባው በዓሉ እንዳለፈ ሆነ። ከዞን የመጡት አቶ ቃለ ክርስቶስ አንድ መኪና የወባ መድኃኒትና መመርመሪያ ይዘው ነው የመጡት፤ ሌላ ቶሎ አይመጣም። መስመሩ ወደ ላይ የወጣበት ቀበሌ ይወስደዋል፣ አለቀ። ሰብሪያ ቆማ አቀረበች። የቆላው ስላይድ ላይ ስትደርስ አቶ ቃለ ክርስቶስ፣ «ይሄማ ሰላም ነው። መኪናው መስመሩ ወደወጣበት ቀበሌ ይሂድ፤ ዝናብ ሳይመጣ ይነሣ» አሉ። አቶ ወልደ ገብርኤል በመስኮት በኩል ለሾፌሩ ለንጉሡ እጃቸውን አወዛወዙለት። መኪናው ወደ ወይና ደጋው ተነሣ።

ሰብሪያ ወደሚቀጥለው ስላይድ አላለፈችም። ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ የጣለውን ግራፍ አፍጥጣ ታያለች። ላፕቶፑ ላይ የወሮቹ ስም ደቅቆ አይለይም ነበር፤ ግድግዳው ላይ ግን ጎልቶ ይነበባል። ፊቷ አመድ መሰለ። አሟት ልትወድቅ ነው ብዬ ውኃ ይዤላት ሄድኩ። ጆሮዬ ሥር፣ «እትዬ በዛች፣ ጳጉሜ የት ሄደች?» አለችኝ።

አየሁ። ነሐሴ፣ ከዚያ መስከረም። ጳጉሜ የለችም።

ቆሌዬ ተገፈፈ። ኋላ እንዳስረዳችኝ ኮዱ የሚያውቀው የፈረንጅን አቆጣጠር ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ሲመጣበት የተበላሸ ቀን ይመስለዋል። እሷ ደግሞ ጤና ኬላዎቹ ቀን እያሳሳቱ ሲያስቸግሯት፣ የማይነበብ ቀን ስታገኝ ዝለለውና ቀጥል ብላ አዝዛዋለች። ዘለለው። ጥር ላይ የተጻፈ ኮድ ጳጉሜን በምን ያውቃል? አፍናን እየጮኸች የነገረችን ቁጥር ሁሉ ላፕቶፑ ውስጥ አለ፤ ግራፉ ላይ ግን አንድም አልወጣም።

«ዝም በይ፤ እንግዶቹ ሲወጡ ለአለቃ ብቻ እንነግራቸዋለን» አልኳት። ፈርቼ ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት በእንግዳ ፊት ተሳስቻለሁ ማለት አለቃን ማዋረድ ነው፤ እሷ ደግሞ ገና በሙከራ ላይ ያለች ቅጥር ናት።

«እስኪወጡ መኪናው የት ይደርሳል?» አለችኝ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች። «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ አሁን ያሳየኋችሁ ግራፍ ስህተት ነው።»

ያንን «ዝለለው» የሚል ትእዛዝ ለወጠችና ቁልፉን ተጫነች። መብራት እንዳይጠፋ ማርያምን ለመንኳት። ስላይዱ እንደ አዲስ ተሠርቶ መጣ፤ ቀዩ መስመር ጳጉሜ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ የግራፉን አናት ሊነካ። ከኋላ አንድ ሰው «ያ አላህ!» አለ። መስመሩ እዚያው ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ታች ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። እኔን ከቀዩ መስመር ይልቅ ያ ባዶ ቦታ አስፈራኝ።

«እስከ ዛሬ ምን ስትሠሪ ነበር?» ብለው አቶ ወልደ ገብርኤል ጮኹባት።

«ቁጥሩን ተቀብያለሁ፣ ጌታዬ። ጥፋቱ የኔ ነው። ብቻ መኪናውን ያስመልሱልኝ፤ ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

ለንጉሡ ተደወለ፤ አይሠራም። ደግመን ደወልን፤ አይሠራም። ሰብሪያ በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ታደርጋለች። ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ከወረደ የቆላው መንገድ ጭቃ ነው፣ መኪና አይደፍረውም። «እትዬ፣ ባይገኝስ?» ትለኛለች። «ይገኛል፤ የት አባቱ ይሄዳል!» እላታለሁ። በመጨረሻ ንጉሡ ራሱ ደወለ፤ ዳገት ላይ ወጥቶ ኔትወርክ ሲያገኝ የኛን ጥሪ አይቶ ነው። «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለ እየቀለደ። «ተመለስ!» አሉት አቶ ወልደ ገብርኤል።

መኪናው ዞረ። ዝናቡም ወረደ። እስከ ማግሥቱ እኩለ ቀን ድረስ ወሬ የለም፤ ሰብሪያ እህል አልቀመሰችም፣ እኔም አልወረደልኝም። ከዚያ ስልኳ ጮኸ። አፍናን ናት፤ ጉብታ ላይ ወጥታ ነው የምትደውለው። እኔም እንድሰማ ሰብሪያ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ደረሰልን» አለች አፍናን። ድምፅዋ ሻክሯል። «ጭቃ ይዟቸው ነበር፤ ሕዝቡ ወጥቶ መኪናውን ገፋው። መድኃኒቱን መስጠት ጀምረናል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ሰብሪያ።

«ሰብሪያ፣ ለምን ዘገያችሁ? በየቀኑ ነገርኩሽ እኮ። አንቺም ደርሶኛል አልሽኝ። የእትዬ ሀዲያን የመጨረሻ ልጅ ትናንት ቀበርነው። አንድ ፍሬ መድኃኒት አልነበረኝም።»

ሰብሪያ ወንበሩን ጨብጣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ኮዱን፣ ጳጉሜን፣ ዝለለው ያለችውን።

«እትዬ ሀዲያን ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልኩ አቆየኋቸው» አለች አፍናን። «ለምን እንደዘገየ ግን እኔ አልነግራቸውም። አልችልም። ነይና አንቺ ንገሪያቸው።»

አቶ ወልደ ገብርኤል አይሆንም አሉ። «ሄደሽ ምን ልታመጪ? ሐዘንተኛ ነው፤ ቢቆጣብሽስ? ዱላ ቢያነሣብሽስ?» እውነታቸውን ነው፤ እኔም የፈራሁት ይሄንኑ ነው። ሰብሪያ ግን መንገዱ ጠፈፍ ሲል ሻርፗን አጥብቃ ወደ ቆላ የሚወርድ መኪና ላይ ወጣች። ብቻዋን ልሰዳት ሆዴ አልቻለም። እሷንም ኮዷንም እየረገምኩ ተከትያት ወጣሁ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ እጇን ያዝኩት፤ በዚያ ሙቀት በረዶ ሆኗል። «ምን ብዬ ልጀምር?» አለችኝ ስንደርስ። «እኔ እንጃ፣ ልጄ» አልኳት።

እትዬ ሀዲያ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሊያስተዛዝን የመጣው ሰው ከቧቸዋል። አፍናን ፈንጠር ብላ ቆማ፣ «ከመካነ ሰላም ነው የመጡት። ይቺ ሰብሪያ ናት» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። እትዬ ሀዲያ ቀና አሉ። ዓይናቸው አብጧል። ስሟን ሰምተዋል ለካ፤ ያ አፉ የማያርፍ ንጉሡ መድኃኒቱን ሲያራግፍ፣ መኪናውን ያስመለሰችው ሰብሪያ የምትባል ልጅ ናት ብሎ ለአገሩ ሁሉ አውርቷል። ተነሥተው ሁለት እጇን ያዙ።

«መኪናውን የመለስሽልን አንቺ ነሽ?» አሏት። «ለኔ ልጅ አልደረሰለትም፤ የሌላው ልጅ ግን ተረፈ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። ልጅ ይስጥሽ፣ የሰጠሽንም ያሳድግልሽ።» የተቀመጠው ሁሉ እጁን ዘርግቶ «አሚን!» አለ።

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዝም ብላ ብትመረቅና ብንመለስ፣ ከአፍናን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እውነቱን ልናገር፣ ዝም እንድትል ተመኘሁ።

«እትዬ ሀዲያ» አለች ሰብሪያ። እጆቿን ከእጃቸው አወጣች። «እትዬ ሀዲያ፣ አይመርቁኝ። መጀመሪያ ይስሙኝ።»