ለከድጃ መዳፍ የተገዛ ሳብዉፈር

ጣሀን ሆጤ ሰፈር ውስጥ የማያውቀው የለም። ስሙ የጠፋበት ሰው እንኳ «ያ ካሴት የሚያጠራው» ብሎ ከጠየቀ በሩ ድረስ ያደርሱታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራው ይኸው ነበር። ሰው ከሳጥን ሥር ያወጣውን የድሮ ካሴት ይዞለት ይመጣል፣ እሱ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጥና ያጠራዋል፣ ከዚያ በፍላሽ አድርጎ ይመልስለታል። ከቢስቲማ ድረስ የሚመጡለት ነበሩ፤ የሠርግ ካሴት፣ የመንዙማ ካሴት፣ የሞተ ሰው ድምፅ ያለበት ካሴት ይዘው። በሥራው ይኮራ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። «አሁንማ ካሴቱን ምን ያደርግላችኋል፣ ጣሉት» ይላቸዋል ፍላሹን ሲሰጣቸው። እነሱም አምነውት ይጥሉታል። ወይ ነዶ!

አባቱ ሀፊዝ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ድቤ መቺ ነበሩ። ሰው ለዱዓ በሚሰበሰብበት ሀድራ ላይ መንዙማውን የሚያወጣው ሌላ ነው፤ እሳቸው ድምፅ አልተሰጣቸውም፣ አንድ ስንኝ እንኳ ሲያዜሙ የሰማ የለም። የተሰጣቸው መዳፍ ነው። ሲመቱ አይቸኩሉም፤ የመጨረሻዋን ምት ትንሽ ያዝ ያደርጓታል፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይለቋታል። ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ድቤያቸው የተቀዳበት አንድ ካሴት ነበር፤ ጣሀ ወደ ፍላሽ ገልብጦታል። ካሴቱ ራሱ በጦርነቱ ከተማው የተዘረፈ ጊዜ ከሱቁ ዕቃ ጋር ሄደ። ፍላሹ ኪሱ ውስጥ ስለነበረ ተረፈ፣ ጣሀም «አልሐምዱሊላህ፣ ዋናው አለ» ብሎ ተጽናና።

እናቱ ከድጃ ጆሯቸው ከከዳቸው ሦስት ዓመት አለፈ። ቀኝ ጆሯቸው ሥር ተጠግተው ካልጮሁባቸው አይሰሙም፤ ያንንም ቢሆን ግማሹን የሚለቅሙት ከከንፈር ነው። ከክረምት ወዲህ ደግሞ አልጋ ይዘዋል። ሐኪሙ ጣሀን ለብቻው ጠርቶ፣ ልባቸው ደክሟል፣ ያማራቸውን አትከልክላቸው አለው። ባለፈው ወር ጎረቤት ሠርግ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያቆሙት ትልቅ ስፒከር ሲደልቅ ከድጃ ድንገት መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ፤ ፊታቸው በራ።

«ጣሀዬ፣ ድቤ ይሰማኛል፣ በእጄ» አሉ። «ያባትህንም እንዲህ አስነካኝና ልሂድ።»

እንግዲህ እናት እንዲህ ብላ ለምና ማን ዝም ብሎ ይቀመጣል?

ከጣሀ ኮምፒውተር ጎን ያሉት ሁለት ስፒከሮች መዳፍ የማያክሉ ፕላስቲኮች ናቸው። ቀጭኑን ድምፅ ያወጣሉ፤ ወፍራሙ ግን አቅማቸው አይደለም። ለወፍራሙ ሳብዉፈር የሚሉት ሳጥን ያስፈልጋል። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሮ ኮምቦልቻ ወረደ። እዚያ ሙና የምትባል የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ አለች፤ ምላሷ ስለት ነው፣ ነገር ግን ሰው አታታልልም። ብዙ እንደሌለው አስቀድሞ ነገራት።

ዓይኑ ያረፈው መብራት የሚያብለጨልጭ ትልቅ ሳጥን ላይ ነበር። ሙና ሳቀችበት፤ ለዓይንህ ነው ወይስ ለጆሮህ ብላ። በጣቷ አንኳኳችው፣ የባዶ ቀፎ ድምፅ አወጣ። ይሄ ራሱ ይንቀጠቀጣል እንጂ ሌላ አያንቀጠቅጥም አለችው። ቀጥሎ የመረጠውን ገልብጣ ጀርባውን አሳየችው፤ የመብራት ገመድ የለውም። ማጉያ ውስጡ ስለሌለ ለብቻው ሌላ ማጉያ ካልገዛህለት ድንጋይ ማለት ነው አለችው። በመጨረሻ ከጥግ አንድ ያገለገለ፣ ጥቁር፣ መልከ ጥፉ የእንጨት ሳጥን ጎትታ አወጣች። ማጉያው ውስጡ አለ። ከኋላው ቀይና ነጭ ቀዳዳ አለው፣ ከሥሩ ሁለት ማዞሪያ፦ አንዱ ድምፁን ይጨምራል፣ ሌላው ሳጥኑ ምን ያህሉን ወፍራም ድምፅ ለራሱ እንደሚወስድ ይወስናል። ድምፁን ለሳጥኑም ለስፒከሮቹም የሚያካፍል መንታ ገመድ መረቀችለት። ለማን እንደሆነ ስትሰማ ከዋጋውም ቀነሰች፤ እናትህ ዱዓ ያድርጉልኝ ብላ። ጣሀ ሳጥኑን ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን አቅፎ የሐረጎን ዳገት ወጣ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ኮምፒውተሩን ወደ እናቱ ክፍል አዛወረ። ቸኩሎ ገመዱን መጀመሪያ የሰካው የማይክ ቀዳዳ ላይ ነበር፤ ዝም አለ። አረንጓዴው የድምፅ መውጫ ላይ ሲሰካው ሳጥኑ «እምምም» ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። ጣሀ በዓለም ላይ እንደዚያ ድምፅ የሚጠላው ነገር የለም። የሁሉንም የመብራት ገመድ ከአንድ ማከፋፈያ ሲያደርገው ማጉረምረሙን ተወ። ሳጥኑን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ከአልጋው እግር ጋር አስጠጋው፣ የእናቱን እጅ አንስቶ ላዩ ላይ አሳረፈ፣ ለሙከራ ከኢንተርኔት ያወረደውን የሠርግ ዘፈን ከፈተ።

አልጋው ራደ። የውኃው ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ተንፏቀቀ። ከድጃ እንደ ልጅ ሳቁ፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው። ከዚያ በቃ አሉት፤ ይሄ ይቅር፣ እሱን አምጣልኝ።

የአባቱን ከፈተ። ከትንንሾቹ ስፒከሮች የመንዙማ አውጪው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፣ የተቀባዩ ሕዝብ ድምፅም ወጣ። ሳጥኑ ግን ጸጥ አለ። ጣሀ ማዞሪያውን ጨመረ፣ ደግሞ ጨመረ። ገመዱን ነቅሎ ሰካ። ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ከሩቅ የጣት ጫፍ ኮሽታ የመሰለ ነገር አለ፣ ሌላ የለም። ከድጃ መዳፋቸውን ሳያነሱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ።

«ገና ዱዓ ላይ ናቸው?» አሉ ቆይተው።

ጣሀ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ምን ያድርግ? ጊዜ መግዛቱ ነው።

የሠርጉን ዘፈን ለአፍታ መለሰው፣ ሳጥኑ ደለቀ። ስለዚህ ሳጥኑ ደህና ነው። ሰው ያመጣለትን የሌላ ሀድራ ካሴት፣ እሱ አጥርቶ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀረውን፣ ከፈተ። ጸጥታ። ሌላ ከፈተ። ጸጥታ። ያኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፣ ምክንያቱም ትዝ አለው።

ካሴት የሚያጫውትበት ያ አሮጌ ቴፕ ሁልጊዜ «እምምም» ይል ነበር፣ በገለበጠው ሁሉ ላይ እየገባ። አንድ ቀን ተናደደና የኮምፒውተሩን ፕሮግራም ወፍራሙን ድምፅ ከሥሩ እንዲቆርጥ አዘዘው። ማጉረምረሙ ድራሹ ጠፋ። በሁለቱ ትንንሽ ስፒከሮች አዳመጠ፤ የጎደለ ነገር የለም። ከየት መጥቶ ይጉደል! ድሮስ እነሱ ወፍራም ድምፅ መች አውጥተው ያውቃሉ? እንደዚያ እንዳዘዘው ረስቶት ኖረ፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ካሴት ሁሉ በዚያ መቁረጫ አለፈ። የሚጥለውን ሳይሰማ ነው የጣለው። ድቤም የሚኖረው እዚያው ማጉረምረሙ የሚኖርበት ቦታ ነበር። የአባቱን ካሴት ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ነበር ያጠራው፣ ሁለቴ እያመላለሰ። ድምፅ ያልነበራቸውን አባቱን ከድምፅ መሃል ለይቶ አወጣቸው። የፈሰሰ አይታፈስ ነገር!

«አባትህ ዛሬ ዘገየ» አሉ ከድጃ ፈገግ ብለው። «ልማዱ ነው።»

ጣሀ ከዚህ በላይ አልቻለም። ተንበርክኮ ቀኝ ጆሯቸው ሥር ተጠጋ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው አንገቱን ደፍቶ በሹክሹክታ ነው የሚናገረው፤ እሱ ግን መጮህ ነበረበት። ድቤው የለም ብሎ ጮኸ። ምን አልክ አሉት። ደገመ። አሁንም አልያዙትም። ግቢው ውስጥ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤት ቆማ ስታዳምጥ በመስኮቱ ያያታል፣ ቢሆንም ጮኸ።

«እማ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት! ሳጠራው አጠፋሁት! አውፍ በይኝ!»

ከድጃ ከንፈሩን አዩ። ከዚያ መዳፋቸውን ከሳጥኑ ላይ ቀስ አድርገው አነሡና ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት፣ እንደ በረደው ሰው። አላለቀሱም። ቢያለቅሱ፣ ቢረግሙት በተሻለው ነበር።

«አውፍ ብዬሃለሁ» አሉት። «እኔስ ሄጄ አገኘዋለሁ።»

መንዙማው በትንንሾቹ ስፒከሮች አሁንም ይፈሳል፣ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ። እናቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ሊያዞሩ ጀምረው መለስ አሉ፤ አንድ ነገር ትዝ ያላቸው ይመስል።

«የሰዎቹንስ?» አሉ። «የእነዚያን የቢስቲማዎቹን፣ ካሴቱን ጣሉት ያልካቸውን፣ የእነሱንም እንዲሁ ነው ያደረግኸው?»

ለዚህ መጮህ አላስፈለገውም። ጣሀ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።